የታችኛዋ ጎረቤት ፊርማ

ይህንን የምጽፍላችሁ ከሰመራ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ቬንትሌተሩ ሙቁን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ከማመላለስ በቀር የረባ ሥራ የለውም። በዚህ ሰዓት እዚህ ከተማ ውስጥ ከጥላ የሚወጣ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ እንደኔ የኮንትራክተር ተቀጣሪ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሙቀት አላወራችሁም። ስለ ዳገት ነው የማወራችሁ።

"ሰመራ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ስለ ዳገት?" እንዳትሉኝ! ሰሞኑን ታላቅ ወንድሜ ከደሴ ደወለልኝ። ሰላምታው እንኳን በቅጡ ሳያልቅ "ስማ፣ ያንን የመኪና መግቢያ እንደገና ልናስፈቅድ ነው። አንተ መሐንዲስ አይደለህ? ስሌቱን ሥራና በቴሌግራም ላክልኝ" አለኝ። እኔም "እሺ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ምክንያቱም ያንን ስሌት ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ውጤቱንም አይቼዋለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ደሴን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከተማዋ ከጦሳ ተራራ እግር ሥር፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። ሜዳ መሬት እንደ ልብ የለም። ስለዚህ ብዙው ሰው ቤቱን የሚሠራው ተራራውን ቆርጦ ነው። የአንዱ ጣሪያ ከሌላው ደጃፍ ጋር እኩል ይሆናል። ልጆች ሆነን ኳሳችን ከአጥር ከወጣች "ጠፋች" አንልም ነበር፤ "ወረደች" ነበር የምንለው። መልሶ ለማምጣት ሦስት ግቢ ማንኳኳት ሊጠይቅ ይችላል።

የኛ ቤት ከመንገዱ በላይ ነው። መንገዱ ሲቆረጥ 2.4 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ የመሰለ አፈር ከፊታችን ቀረ። ወደ ግቢያችን የሚያስገባን የድንጋይ ደረጃ ነው፤ ሃያ ሦስት እርከን። ልጅ ሳለን በሩጫ እንወጣዋለን። እማዬ ግን ጉልበቷን መታመም ከጀመረች ጀምሮ እያንዳንዱን እርከን በስሙ የምትጠራው ይመስል ነበር። አሥረኛው ላይ ቆማ ታርፋለች። አሥራ ሰባተኛው ላይ "ያ ረቢ" ትላለች። (ወሎ ነው፤ ክርስቲያኑም ይላል።)

በ2008 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ አንድ ያገለገለች ቪትዝ ገዛ። አባቴም ወሰነ፤ "መኪናው ግቢ ድረስ ይግባ፣ እናታችሁም ከደረጃ ትገላገል" አለ። እኔ ያኔ የሲቪል ምሕንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ሦስተኛ ዓመት ማለት ደግሞ ሰው ሁሉን ነገር የሚያውቅበት ዓመት ነው! ሜትር ይዤ ወጣሁና ለካሁት።

ከአጥራችን እስከ ቤቱ ግድግዳ 10 ሜትር አለ። መኪናዋ ላይ ደርሳ ተስተካክላ የምትቆምበት 5 ሜትር ተዉላት። የቀረው 5 ሜትር ነው። በ5 ሜትር ርቀት 2.4 ሜትር መውጣት ማለት 48 በመቶ ዳገት ነው። በዓለም እጅግ ቀጥ ያለ የመኖሪያ መንገድ ተብሎ የሚታወቀው በኒውዚላንድ ደኒደን ከተማ የሚገኘው ባልድዊን ስትሪት እንኳን ወደ 35 በመቶ ነው። ስለዚህ ግቢውን 80 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገን እንቆፍር አልኩ። 1.6 ሜትር ቀረ። አሁንም 32 በመቶ ነው። መኪናዋ ሆዷን ትፈትጋለች እንጂ አትወጣም።

አንድ መፍትሔ ብቻ ነበር። ከአጥራችን ውጭ እስከ መንገዱ ጠርዝ ድረስ የጎርፍ ቦይ ያለበት 3 ሜትር መሬት አለ። የሕዝብ መሬት ነው። መግቢያው ከዚያ ቢጀምር 8 ሜትር እናገኛለን። 1.6 ለ 8 ሲካፈል 20 በመቶ! ይወጣል። ግን ደንቡ አይፈቅድም። መወጣጫ ከራስ ይዞታ ውስጥ ይጀምራል እንጂ ወደ መንገድ አይወጣም። በኛ ቋንቋ "ልዩ ሁኔታ ይታይልን" ማለት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ስለ ደንብ ትንሽ ልበል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት መድቧቸው ነበር፤ ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ። ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ቤት፣ ማለትም እንደኛ ዓይነቱ፣ ምድብ "ሀ" ነበር። ማስፈጸሚያ ደንቡም ቁጥር 243 ሆኖ በ2003 ዓ.ም. ወጣ። ፕላን ስምምነት፣ ፈቃድ፣ የሕንፃ ሹም የሚባሉት ነገሮች በዚያ ሥርዓት ውስጥ ነበሩ። ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ግን ደንብ ሲወጣ ወረቀት ላይ ነው የሚወጣው፤ ወረቀት ደግሞ ሜዳ ነው። በወረቀቱ ላይ የኛ ቦታና ሜዳ ላይ ያለ የሌላ ሰው ቦታ እኩል 200 ካሬ ናቸው። የሜዳው ሰው በሩን ከፍቶ መኪናውን ያስገባል። የዳገቱ ሰው በያንዳንዱ ካሬ ላይ ተራራ ተሸክሟል። ስለዚህ "ደንብ ደንብ ነው፤ ለማንም አይላላም" የሚል ሰው ሲገጥመኝ የተወለደው ሜዳ ላይ መሆን አለበት እላለሁ።

ይህ ነገር የኛ ብቻ አይደለም። ኒውዮርክ በ1916 እ.ኤ.አ. ከተማዋን በዞን ከፋፍላ ሕግ ስታወጣ፣ አብሮ የይግባኝ ቦርድ ነበራት። ምክንያቱም ደንቡ ቃል በቃል ቢፈጸም አንዳንዱ ሰው በገዛ መሬቱ መጠቀም እንደማይችል ገብቷቸዋል። ቆይቶ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የዳበረው መመዘኛ ደስ ይለኛል። ልዩ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ችግሩ ከመሬቱ የመጣ እንጂ ራሱ የፈጠረው እንዳልሆነ ያስረዳል። የሚሠራው ሥራም አካባቢውን እንደማይጎዳ ያሳያል። ጎረቤቶችም ማስታወቂያ ይደርሳቸውና መጥተው ይናገራሉ።

የኛም ጉዳይ የመጀመሪያውን ፈተና በደንብ ያልፋል። ተራራውን እኛ አላመጣነው!

እናላችሁ፣ አባቴ አመለከተ። ባለሙያው መጣ፣ አየ፣ ለካ። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ደግ ነበር። እማዬ ሻይ ይዛለት እያነከሰች ስትመጣ አይቷል። "የተዋሳኞቻችሁን ፊርማ አምጡ" አለን። ተዋሳኝ ማለት አጥር የሚጋራ ማለት ነው። አባቴ በአንድ ምሽት ጨረሰው። የግራው ፈረመ፣ የቀኙ ፈረመ፣ ከበላያችን ያሉትም ፈረሙ። ፈቃዱ "የጎርፍ ቦዩ ሳይዘጋ" የሚል ቃል ተጨምሮበት ወጣ።

ከመንገዱ በታች ያሉትን እማማ ማንም አልጠየቃቸውም። እንዴት ይጠየቃሉ? በመካከላችን መንገድ አለ። ካርታው ላይ ተዋሳኛችን መንገዱ ነው እንጂ እሳቸው አይደሉም። እኝህ ሴት ግን እኔ ስወለድ እናቴን ገንፎ ያበሏት ናቸው። ቡና ሲፈላ ከታች ወደ ላይ የሚጣሩት እሳቸው ናቸው። ካርታ ይህንን አያውቅም።

ሥራው ተጀመረ። አሁን የማልኮራበትን ነገር ልንገራችሁ። ቦዩ ስፋቱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ነበር። እኔ በወረቀቴ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ሣልኩበት፤ ከላዩ አርማታ። ለምን? ቱቦው ርካሽ ስለነበረ። "ሳይዘጋ" ነው ያሉት፤ ይኸው አልዘጋነውም! እስቲ አስሉት። 60 በ60 የሆነ ቦይ በ30 ሳንቲ ክብ ቱቦ ሲተካ የውሃው ማለፊያ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይህን ማስላት አያቅተውም። አላሰላሁትም እንጂ አላቃተኝም። ዓይኔ ወደ ላይ ወደ መኪናዋ ነበር፤ ወደ ታች አላየሁም።

ሌላም ነገር ነበር። ድሮ የቤታችን ቆርቆሮ ውሃ የሚወርደው ጌሾው ያለበት አፈር ላይ ነበር። ግቢውን ቆፍረን ወደ መንገድ ስናጋድለውና ሲሚንቶ ስናለብሰው፣ የቆርቆሮውም የግቢውም ውሃ በአንድ ላይ በመወጣጫው መውረድ ጀመረ። ሁለቱ ተደምረው ወደ 180 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 5,400 ሊትር ነው። በሃያ ሊትር ጀሪካን 270 ጀሪካን! ማንም ሰው 270 ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ ወደ ጎረቤቱ ደጅ አይደፋም። ሲሚንቶ ግን ያለ ድካም ይደፋል።

መኪናዋ የገባች ቀን እልልታ ነበር። እማዬ ከፊት ወንበር ተቀምጣ እስከ በረንዳው ድረስ ወጣች። አለቀሰች። ያንን ቀን አልረሳውም፤ ልረሳውም አልፈልግም።

ሐምሌ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ከላይ ከተራራው የመጣው ጎርፍ የሃይላንድ ፕላስቲኩንና ቅጠሉን ሰብስቦ ቱቦዬ አፍ ላይ ወተፈው። ውሃው ቦዩን ትቶ በመንገዱ ላይ ተሻገረ። የኛን 270 ጀሪካን ጨመረ። ከዚያም ሄዶ ሄዶ የእማማ ማድቤት ገባ።

ዝናቡ ሲያባራ ደረጃውን ወጥተው መጡ። በመወጣጫው አልመጡም፤ በደረጃው ነው የመጡት። አልጮሁም። የጤፍ ዱቄት የነበረውን ጭቃ በሳህን ይዘው አባቴ ፊት አስቀመጡትና "እናንተ ቤት መኪና ገባ፤ እኔ ቤት ጎርፍ ገባ" አሉ።

አባቴ "ተፈቅዶልኝ ነው እኮ፤ ተዋሳኞቼ ሁሉ ፈርመዋል" አለ።

"እኔስ ጎረቤት አይደለሁም?"

መልስ አልነበረንም። እኔ በር ላይ ቆሜ የገዛ ጫማዬን አያለሁ። ያኔ እማዬ መጥረጊያ አነሳችና ሃያ ሦስቱን እርከን ወረደች። ያ ሁሉ ሲሚንቶ የፈሰሰው ለዚያ ጉልበት ነበር። እስከ ማታ ድረስ ሁለቱ ሴቶች ጭቃ ሲጠርጉ ዋሉ። እኔና ወንድሜም ወረድን፤ አባቴ በመጨረሻ መጣ።

በሳምንቱ አባቴ የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ ቦዩ ላይ ያረፈውን ሦስት ሜትር በመዶሻ አስፈለጠው። ማንም አላስገደደውም። ቦዩ ወደ ቀድሞ ስፋቱ ተመለሰ። የቀረው መወጣጫ መልሶ 32 በመቶ ሆነ። መኪናዋ መንገድ ዳር ማደር ጀመረች። መወጣጫውስ? በርበሬ ማስጫ ሆነልን። በሰፈሩ እንደሱ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ የለም። (የእማማም በርበሬ እዚያው ነው የሚሰጣው።)

አባቴ አሁን የለም፤ ነፍሱን ይማር። እማዬ ደግሞ ጭራሽ ደክማለች። ሐኪም ቤት ስትሄድ የሰፈሩ ልጆች በወንበር ተሸክመው ነው የሚያወርዷት። ወንድሜ የደወለልኝ ለቅንጦት እንዳይመስላችሁ። እናቱ በሰው ትከሻ ደረጃ ስትወርድ ማየት ሰልችቶት ነው። "ያኔ ልጅ ነበርክ፣ አሁን አስተካክለህ ሥራው" ነው ያለኝ። እንቅልፍ ያሳጣኝም ይኸው ነው። ጥያቄው ልክ ነው። ያኔም ልክ ነበር።

አሁን ወደ ሰመራ ልመልሳችሁ። ሰመራ ሜዳ ናት ብያችኋለሁ። ጥቁር ድንጋይ የተበተነበት፣ 430 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ። ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ እያሉ ሲወርዱ ጆሮ ይደፈናል፤ ሁለት ሺህ ሜትር መውረድ ነው። የክልሉ ዋና ከተማ ከአሳይታ ወደዚህ ሲዛወር ቦታው የተመረጠው ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ነው። ታዲያ አስፋልቱ ከመሬቱ ከፍ ብሎ ስለተሠራ፣ መንገድ ዳር ያለ ባለሱቅ መኪና ለማስገባት ቦዩን መሻገር አለበት። ባለፈው ወር አንድ ነጋዴ "ይህችን ቦይ በገረጋንቲ ሙላልኝ፤ እዚህ አገር ዝናብ የት አለና?" አለኝ። እውነት ነው፣ ዝናብ እምብዛም የለም። ሲመጣ ግን አስጠንቅቆ አይመጣም።

ከነጋዴው ጋር ስንነጋገር አንድ የአፋር ሽማግሌ አጠገባችን ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ይጠያየቃሉ፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ዝናብ የት ዘነበ፣ ሣሩ እንዴት ነው፣ ሰላም ነው ወይ። ሽማግሌውም እኔን ጠየቁኝ፤ "ከየት ነህ ልጄ?"

"ከደሴ ነኝ አባባ።"

"አሃ... ውሃው ከእናንተ ነው የሚመጣው።"

ሳቅኩ። ግን ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ምክንያቱም እውነት ነው። የደሴን ጎርፍ የሚቀበለው ቦርከና ነው። ቦርከና ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን አልፎ መጨረሻው አዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ እዚሁ አጠገባችን በዱብቲ በኩል አልፎ፣ በአሳይታ ዞሮ፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ አዋሽ ሲሞላ በአፋር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል። የኛ ግቢ 5,400 ሊትር ያንን አደረገ እያልኩ አይደለም፤ ባሕር ውስጥ ጠብታ ነው። ግን ደጋ ላይ ያለን ሰዎች ሁላችን "የኔ ጠብታ ናት" ብለን ነው የምናስፈቅደው። ቆላ ያለው ሰው ደግሞ የማንኛችንም ተዋሳኝ ስላልሆነ አይፈርምም።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የኔ ነገር። ልዩ ሁኔታ ይፈቀድ። ዳገት ላይ ያለ ሰው ሜዳ እንዳለ ሰው ይቆጠር ማለት ግፍ ነው። የፊርማው ወረቀት ግን የተሠራው ለሜዳ ነው። ሜዳ ላይ ጎረቤት አጥር የምትጋራው ሰው ነው። ዳገት ላይ ጎረቤት ውሃህ የሚደርስበት ሰው ነው። አሜሪካኖቹ በይዞታው ዙሪያ ይህን ያህል ርቀት ብለው ክብ ያሰምሩና ለክቡ ነዋሪዎች ማስታወቂያ ይልካሉ። ከኛ ይሻላል። ግን ውሃ በክብ አይሄድም፤ ወደ ታች ነው የሚሄደው። በማመልከቻው ላይ አንዲት መስመር ብትጨመር ምን ነበረበት? "ውሃው የሚሄድበት ሰው ፊርማ" የምትል።

ትናንት ማታ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

"ሠራኸው?" አለኝ።

"እየሠራሁት ነው። ቦዩ በሙሉ ስፋቱ ይቀራል፤ ከላዩ የሚነሳ የብረት ፍርግርግ ይሆናል፤ በየሳምንቱ ይጠረጋል። መወጣጫው አናት ላይ ሌላ ቦይ ይቆረጥና የቆርቆሮው ውሃ ወደ ሮቶ ይገባል። ሮቶው ሲሞላ ወደ ጌሾው።"

"ብረቱ ብቻ ከራምፑ ይበልጣል እኮ!"

"ይበልጣል።"

ዝም አለ። ከዚያ "ሌላስ?" አለኝ።

"ሌላ ደግሞ ከማመልከትህ በፊት እማማ ጋ ውረድ። ሥዕሉን ይዤ እኔም እመጣለሁ። እሳቸው እምቢ ካሉ አናመለክትም።"

"ሕጉ እኮ የሳቸውን ፊርማ አይጠይቅም።"

"አውቃለሁ። ያኔም አልጠየቀም።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እማማ ጋ ራሴ ደወልኩ። ጆሯቸው ደክሟል፤ ልጃቸው ነው ስልኩን ጆሯቸው ላይ የያዘላቸው። ስለ መግቢያው ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ እናቴ ጉልበት ነበር። ከዚያ "እኔ መኪናውን መቼ ጠላሁ ልጄ? ውሃው የት እንደሚሄድ ማንም አልነገረኝም እንጂ" አሉኝ። መጥቼ በዓይናቸው አሳያቸዋለሁ አልኩ። እሺም እምቢም አላሉም፤ "ቡና ይዘህ ና" ብቻ ነው ያሉት።

በሚቀጥለው ሳምንት ፈቃድ ወጥቼ በሚሌ፣ በባቲ አድርጌ ሽቅብ እወጣለሁ። ለነጋዴውም ቦዩን አልሞላሁለትም፤ ሰፊ ቱቦ አስገዝቼዋለሁ፤ ተቆጥቷል። የደሴውን ሥዕል ግን አንዴ ቀድጄ እንደገና ጀምሬዋለሁ። በፊት የጀመርኩት ከኛ በረንዳ ነበር። አሁን የመጀመሪያዋን መስመር ያሰመርኩት ከእማማ ማድቤት በር ነው።

ቸር ያገናኘን።